ሱፉ ለምን አልኮማተር አለ? ትልቅ የሹራብ ቦርሳ ሠርታ ፌልት ማድረግ ለፈለገችው እህት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም እትዬ። የኪሮሽና የሹራብ ሥራዬን ይዤ የምዞርበት ትልቅ ቦርሳ ራሴ በሹራብ ሠራሁ። ከዚያ በማሽን አጥቤ ፌልት ላደርገው፣ ማለትም አኮማትሬ ወፍራምና ጠንካራ ላደርገው ነበር ሐሳቤ። ክሩ ከመርካቶ ያስመጣሁት ሱፍ ነው። ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ አልጠበበም፣ እንዲያውም ተለጠጠ። ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ማሽኔ በሩ ከፊት የሚከፈተው ዓይነት ነው። ምን አጠፋሁ? እንደገና ብጀምር ስንት ክር ልግዛ፣ ከስንትስ ልነሳ?»

ሰላም እህቴ። አይዞሽ፣ አንቺም ማሽኑም ምንም አላጠፋችሁም። ያ «ሱፍ» ሱፍ ስላልሆነ ነው።

በእኛ ቋንቋ ሱፍ ያልሆነ ነገር የለም እኮ። ለጾም የሚፈተፈተውም ሱፍ ነው። ሙሽራው የሚለብሰው ሙሉ ልብስ ጨርቁ ከምንም ይሠራ ከምን ሱፍ ነው። መርካቶ በየቀለሙ የተደረደረው የሹራብ ክርም ሱፍ ነው፣ ግን አብዛኛው አክሪሊክ ነው። ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ፣ በቀላል አማርኛ የፕላስቲክ ክር ማለት ነው። ክፉ ነገር አይደለም፣ ለልጅ ሹራብ እኔም እገዛዋለሁ፣ ብል አይበላውም፣ ቶሎ ይደርቃል። ሙቅ ውሃ ግን ያላላዋል እንጂ አያኮማትረውም። ያንቺም የተለጠጠው ለዚህ ነው። መቶ ጊዜ ብታጥቢውም ያው ነው።

ሹራብ ሳስተምር የማየው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ሰው ሁሉ ማሽኑን ይፈራል። የፌልት ቦርሳ የሚበላሸው ግን ማሽን ውስጥ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ነው፣ ክሩ ሲገዛ። ከሱቅ የተረፈው ደግሞ ናሙና ሳይሠራ ሲቀር ይበላሻል።

ለምን እንደሆነ ከገባሽ ሌላውን ራስሽ ትጨርሺዋለሽ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቃታል፣ ልጅ ሆነን የገብስ ዛላ ቆርጠን ጓደኛችን እጅጌ ውስጥ እንከታለን። ልጁ እጁን ባወዛወዘ ቁጥር ዛላው ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ግን በጭራሽ አይመለስም፣ ምክንያቱም ጢሙ ላይ ያለው ሻካራ ነገር የሚያስኬደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። የበግ ፀጉርም እንደዚያ ነው። በዓይን አይታይም እንጂ ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ ነገር የተሸፈነ ነው። ውሃ ሲጠጣና ሲሞቅ ያብጣል፣ ሳሙናው ያንሸራትተዋል። ከዚያ ሲታሽ እያንዳንዱ ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፣ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ መመለሻ የለውም። እየተጠላለፈ፣ እየተሳሰበ፣ እንደ ባሕታዊ ፀጉር አንድ ላይ ይያያዛል። ፌልት የምንለው ይህንን ነው። አንዴ ከሆነ በኋላ መፍታት አይቻልም።

እዚህ ላይ መታሸት የሚለውን ቃል ያዢልኝ። ብዙ ሰው ሙቀቱ ብቻ ይመስለዋል። ሱፍን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ሳትነኪው ብትተዪው ያን ያህል አይሆንም። ሥራውን የሚሠራው መታሸቱ ነው፣ ሙቀትና ሳሙና ረዳት ናቸው።

አሁን ወደ ክሩ። መለያው ላይ መቶ በመቶ ሱፍ መሆኑን አንብቢ። ግን በዚህ ብቻ እንዳትረኪ። «ሱፐርዎሽ» የሚል ቃል ካለበት መልሺው፣ ምንም ያህል ቀለሙ ቢያምርሽ። ሱፐርዎሽ ማለት በማሽን ሲታጠብ እንዳይኮማተር ተብሎ የታከመ ሱፍ ነው። ቅርፊቱ በክሎሪን ይነሳል፣ ወይም በላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይቀባል፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም። ሱፍነቱ እውነት ነው፣ በጉም እውነት ነው፣ ግን የገብሱ ጢም ተላጭቷል።

አሜሪካ ስላለሽ እኔ የምጠቀምበትን ልንገርሽ፦ ካስኬድ 220። ጥቅሉ 100 ግራም ነው፣ ርዝመቱ 220 ያርድ፣ ወደ 200 ሜትር ማለት ነው፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። በደንብ ይኮማተራል። ወጥመዱ ግን ምን መሰለሽ፣ «ካስኬድ 220 ሱፐርዎሽ» የሚባል ወንድም አለው። ስማቸውም ጥቅላቸውም ይመሳሰላል፣ አንዳንድ ሱቅ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት። አንዲት ተማሪዬ አምስት ጥቅል ከአንዱ፣ ሁለት ጥቅል ከሌላው ቀላቅላ ገዝታ ቦርሳዋ ከላይ ጠጥሮ ከታች እንደ ሆድ ተንዠርግጎ ወጣ። ጎተራ ነበር የሚመስለው። ሌላ ክር ከመረጥሽም ችግር የለም፣ ላላ ብሎ የተገመደ፣ ስትነኪው ትንሽ የሚኮሰኩስ ሱፍ ይሁን። ቦርሳ ስለሆነ አንገትሽን አያሳክክሽም።

የተጠራጠርሽውን ክር የምትለዪባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ የሁለት ቁራጭ ክር ጫፍ ጫፋቸውን በትኚና መዳፍሽ ላይ አደራርቢያቸው። ምራቅሽን እንትፍ በይበት (ያስጠላል አትበይ፣ ሹራብ ሠሪ ሁሉ ያደርገዋል)፣ ከዚያ በሁለት እጅሽ እጅሽ እስኪሞቅ ድረስ ፈትጊው። እውነተኛ ያልታከመ ሱፍ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ተዋህደው አንድ ክር ይሆናሉ፣ ብትስቢውም አይለቅም። አክሪሊክና ሱፐርዎሽ ግን እንዳሉ ይለያያሉ። ሁለተኛው ማቃጠል ነው። ትንሽ ቁራጭ በወረንጦ ይዘሽ እቃ ማጠቢያው ላይ አቃጥዪ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱ በጣትሽ ሲነካ ይደቃል። አክሪሊክ እየቀለጠ ይነድድና ጥቁር ደረቅ ዶቃ ሆኖ ይቀራል። ቃጠሎው ግን ሱፐርዎሽን አይለይልሽም፣ ለዚያ ምራቁ ነው የሚሻለው።

ነጭም ተጠንቀቂ። በኬሚካል በጣም የነጣ ሱፍ አንዳንዴ አልኮማተርም ብሎ ያስቸግራል። ክሬም ወይም ግራጫ ይሻላል። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለማድረግ ካሰብሽ (ማንም ሐበሻ አንድ ቀን ያስባል፣ እኔም አስቤያለሁ) ቀዩ በሙቅ ውሃ ቀለም ይለቅቃል። ቢጫውን ብርቱካን አድርጎት ቁጭ ይላል። ሦስቱን ቀለም አንድ ናሙና ላይ ሠርተሽ አጥበሽ እዪ።

አሁን ናሙናው። ልትዘልይው ነው መሰለኝ፣ ግን ዘለሽው ቦርሳው ሲበላሽ እንዳትደውዪልኝ።

ለዚህ ሥራ ክሩን ሁለት አድርገሽ አብረሽ ያዢና በ9 ሚሊ ሜትር መርፌ ሥሪ። ለአንድ ሹራብ እጅግ የላላ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ «ይሄ ወንፊት ነው» ትያለሽ። እንደዚያ መሆን አለበት። ጥብቅ አድርገሽ ከሠራሽው ፀጉሩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣና ሳይኮማተር ደርቆ ይቀራል። መርፌው ላይ ያለውን አንዱን ጥምዝ እኔ ቀለበት እለዋለሁ፣ በየቤቱ የተለያየ ስም አለው። 30 ቀለበት ጀምሪና አንዱን ረድፍ በፊት፣ አንዱን በጀርባ እያደረግሽ 40 ረድፍ ሥሪ። ዝጊው፣ ለኪው፣ ጻፊው። ከዚያ ቦርሳውን በምታጥቢበት መንገድ ከሁለት ጂንስ ሱሪ ጋር አጥቢው፣ ቀለበቶቹ እስኪጠፉ ድረስ። አድርቀሽ እንደገና ለኪ።

የእኔን ልንገርሽ። ሳይታጠብ ወደ 27 በ27 ሴንቲ ሜትር ነበር። ታጥቦ ስፋቱ 20፣ ርዝመቱ 17 ተኩል ሆነ። አየሽው? ስፋቱ ሩብ ያህል ነው የቀነሰው፣ ቁመቱ ግን ከሲሶ አለፈ። ሱፍ በሹራብ ሲሠራ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ ነው የሚያጥረው። ይህንን የማያውቅ ሰው ትልቅ ቦርሳ ጀምሮ አጭር ሰፊ መሶብ ይዞ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። 30 ቀለበት 20 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ ስለዚህ ለአንድ ሴንቲ ሜትር አንድ ተኩል ቀለበት። 40 ረድፍ 17 ተኩል ሴንቲ ሜትር ሆኗል፣ ለአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ከሩብ ረድፍ ገደማ። ለሥራ መያዣ የሚሆን ጥሩ መጠን ደግሞ መቀመጫው 40 በ14፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር ነው። ረጅሙ የሹራብ መርፌ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጋደም ብሎ ይገባል፣ የክር ጥቅሎችም ይተርፋቸዋል። ከዚህ በላይ ትልቅ አታድርጊው። ትልቅ ቦርሳ ካለሽ ትሞይዋለሽ፣ ከሞላሽው ትከሻሽ ይወርዳል።

እንግዲህ መቀመጫውን ትጀምሪያለሽ። 60 ቀለበት ጀምሪና ሁሉንም ረድፍ በፊት ብቻ 42 ረድፍ ሥሪ። እንደዚያ ሲሠራ በየሁለት ረድፉ አንድ እንደ ትልም ያለ መስመር ይወጣል፣ ስለዚህ 21 ትልም ይኖርሻል። አትዝጊው። 60ው መርፌው ላይ እንዳለ፣ በአጭሩ ጎን ከእያንዳንዱ ትልም አንድ አንድ እያነሳሽ 21፣ በጀመርሽበት በኩል 60፣ በሌላው አጭር ጎን 21 ቀለበት አንሺ። ድምሩ 162። ማዕዘኖቹ ላይ ምልክት አድርጊ። በኬብል የተያያዘ ክብ መርፌ ያስፈልግሻል፣ ኬብሉ ረዘም ያለ ይሁን። ከዚህ በኋላ 80 ዙር ዝም ብለሽ ዙሪያውን መሄድ ነው። መቁጠርም ማሰብም የለበትም፣ ቴሌቪዥን እያየሽ፣ ስልክ እያወራሽ። ጥሩ የሚያወራ ዘመድ ካለሽ በሁለት ሳምንት ያልቃል።

ሲያልቅ እንዳትደነግጪ። ቁመቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ነው፣ ዙሪያው አንድ ሜትር ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሕፃን ልጅ የሚተኛበት ከረጢት ይመስላል። ባልሽ «ይሄ ምንድነው» ይልሻል። ዝም በይው።

ክሩ እንደ እኔ ስሌት ለዚህ ሁሉ ከማንገቻውና ከናሙናው ጋር ወደ 6 ጥቅል ይፈጃል። 7 ግዢ፣ ሁሉም አንድ የቀለም ቁጥር ያላቸው ይሁኑ። የተረፈውን ምራቅ እንትፍ እያልሽ መለማመጃ አድርጊው።

ማንገቻው ላይ ሁለት ምርጫ አለሽ። በሹራብ ከፈለግሽ ሁለቱም ጫፉ ሹል በሆነ መርፌ 5 ቀለበት ትጀምሪና ረድፉን ስትጨርሺ ሳትገለብጪው ወደ ሌላው ጫፍ ገፍተሽ ክሩን ከኋላ ስበሽ እንደገና ትሠሪያለሽ። ራሱ ተጠቅልሎ ገመድ ይሆናል። ታጥቦ 65 ሴንቲ ሜትር እንዲሆንልሽ 1 ሜትር አድርጊው፣ ሁለት ገመድ። ሲታጠቡ ለብቻቸው በተዘጋ ከረጢት ይሁኑ፣ አለዚያ እርስ በርሳቸውም ከቦርሳውም ጋር ተቋጥረው የሚፈታቸው አታገኚም። የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ ግን ቆዳ እገዛለሁ። ሱፍ ምንም ያህል ቢጠጥር ክብደት ሲሸከም ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ ከስድስት ወር በኋላ ቦርሳው ጉልበትሽን ይመታል። ያረጀ የወንድ ቀበቶ ሁለት ካገኘሽ ደግሞ ከተገዛው ይበልጣል። የትኛውንም ብትመርጪ ማንገቻውን ጠርዙ ላይ ብቻ አትስፊው። አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አውርደሽ፣ ከውስጥ ቁራጭ ቆዳ ደግፈሽ ስፊ።

አሁን የፈራሽው ማሽን። ከላይ የሚከፈተው በተለይ መሃሉ ላይ ምሰሶ ያለው ማሽን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፣ በየአምስት ደቂቃው ከፍተሽ ታያለሽ። ያንቺ ዓይነቱ ሲጀምር ይቆልፋል፣ መሃል ላይ ልክፈት ብትይው ላይፈቅድልሽ ይችላል። ስለዚህ መላው አጭሩን ፕሮግራም መርጦ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ረጅሙን ፕሮግራም አንዴ ከፍተሽ አትሂጂ።

ይህንን የምልሽ ቀምሼው ነው። የመጀመሪያ ቦርሳዬን ረጅሙ ፕሮግራም ላይ አድርጌ ጎረቤቶቼ ጋር ቡና ልጠጣ ሄድኩ። አቦል ላይ «አሁን ልየው» አልኩ፣ ወሬው ጣመኝ። ቶና ላይም እንደዚሁ። በረካ ጠጥቼ ስመለስ ማሽኑ ጨርሷል። ከፍቼ ሳወጣው የአንድ ወር ሥራዬ የጣባ ያህል ሆኖ እጄ ላይ ቁጭ አለ። ጣቴን ብወትፍበት አይበሳም። እስከ ዛሬ ትኩስ ድስት የማስቀምጥበት እሱን ነው፣ እውነቴን ነው፣ እሳት አያስፈራውም።

ቦርሳውን ዚፕ ባለው የትራስ ልብስ ውስጥ ክተቺው። ይህ ግዴታ ነው፣ ሱፉ የሚጥለው ፀጉር የማሽኑን ፓምፕ ሊደፍን ይችላል። ሲጨርስም ከታች ያለችውን ማጣሪያ ከፍተሽ አጽጂያት። ሁለት ሦስት ያረጀ ጂንስ አብረሽ ጨምሪ፣ እነሱ ናቸው የሚያሹልሽ። ፎጣ እንዳትጨምሪ፣ የፎጣ ብናኝ ፌልት ውስጥ አንዴ ከገባ ይቀበርና በወረንጦ ስትለቅሚ ነው የምትከርሚው። አዲስ ጂንስም አይሁን፣ ሰማያዊ ይቀባልሻል። የውሃውን ሙቀት የመጨረሻው ላይ አድርጊው። ሳሙና አንድ ሾርባ ማንኪያ ይበቃል፣ አረፋ ሲበዛ ልብሱ እንደ ፍራሽ ይንሳፈፍበትና አይታሽም። ማለስለሻ በፍጹም። ለሱፍ ተብሎ የተሠራ ሳሙናም አይሁን፣ እሱ ሱፍ እንዳይኮማተር የታሰበ ነው፣ እኛ ደግሞ እንዲኮማተር ነው የምንፈልገው። መጭመቂያውን ማጥፋት ከቻልሽ አጥፊው፣ ካልቻልሽ ዝቅተኛው ላይ አድርጊው። በኃይል ሲጨመቅ የተጣጠፈበት መስመር እዚያው ታትሞ ይቀራል።

ከአንዱ ዙር በኋላ አውጥተሽ እዪ። መጀመሪያ ላይ የሚገርምሽ ነገር ይሆናል፣ ከመጥበብ ይልቅ የሰፋ፣ የተዝረከረከ፣ የረጠበ በግ የሚሸት ነገር ታወጫለሽ። ተስፋ አትቁረጪ። ግድግዳዎቹ ከውስጥ ተጣብቀው ከሆነ በእጅሽ ለያያቸው፣ አለዚያ እንደዚያው ይዋሃዳሉ። ጎተት ጎተት አድርገሽ ማዕዘኑን አስተካክዪና መልሰሽ አስገቢ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዙር ላይ ነው ድንገት የሚለወጠው። እኔ ጋ ከሦስት እስከ አራት አጭር ዙር ይፈጃል። የሚበቃው መቼ ነው ካልሽኝ፣ ጨርቁን በሁለት እጅ ይዘሽ ስትለጥጪው ቀዳዳ ካልታየና ቀለበቶቹን ለመቁጠር ዓይንሽን ማጥበብ ካስፈለገሽ በቃ። መለኪያሽንም አትርሺ። ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢቀር ሌላ ጊዜ ታጥቢዋለሽ፣ ካለፈ ግን የድስት ማስቀመጫ ነው።

ማሽን የሌላቸው ወይም የሌላ ሰው ማሽን ማበላሸት የሚፈሩ ደግሞ በእግር ይሥሩት። መታጠቢያ ገንዳ ወይም ሰፊ ሳፋ፣ እግር የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ከዚያ ቤት ለመለሰን ጭቃ እንደሚረገጠው እየዞሩ መርገጥ። አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፣ ወገብም ያማል። ግን ከማሽኑ ይልቅ ቅርጹን ትቆጣጠሪዋለሽ፣ መቀመጫው ጠንክሮ አፉ ላላ እንዲል ከፈለግሽ መቀመጫውን ብቻ ትረግጫለሽ። የበግ ፀጉር እንግዳ ነገር አይምሰልሽ ደግሞ፣ የመንዝ ሰው ብርድና ካፊያ የሚመክትበት በርኖስ ከዚሁ ነው የሚሠራው። አያቶቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ሲበቃው ሳሙናው እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂው፣ መጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ ኮምጣጤ ብትጨምሪ ጥሩ ነው፣ የሳሙናውን ቅሪት ያወጣል። እንደ ልብስ አትጠምዝዢው፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ረገጥ ረገጥ አድርጊው፣ አሁን ፎጣው ችግር የለውም።

ቅርጹ የሚወሰነው ግን አሁን ነው፣ እርጥብ እያለ። 40 በ14 የሚሆን ካርቶን ፈልጊ፣ ከሌለ የቁርስ ሲሪያል ካርቶኖች በፕላስተር አያይዥ፣ በፌስታል ጠቅልዪውና ቦርሳው ውስጥ ክተቺው። ጠበብ ካለ አትዘኚለት፣ በኃይል ጎትተሽ አስገቢው፣ እርጥብ ፌልት እንደ ሊጥ ነው፣ ታዛዥ ነው። አፉ ከተንጋደደ ጎትቺ። ማዕዘኑን በጣትሽ ቆንጥጪ። ከዚያ ማሞቂያ አጠገብ ሳይሆን ነፋስ ያለበት ቦታ ሁለት ሦስት ቀን ተዪው። የደረቀበትን ቅርጽ ነው ይዞ የሚኖረው።

ከደረቀ በኋላ ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። በደንብ የሆነ ፌልት በመቀስ ሲቆረጥ አይተረተርም። ስለዚህ አፉ አልስተካከል ካለ በመቀስ አስተካክዪው። እኔ በአንዱ ጎን ከላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ የጣት ያህል ቀዳዳ እቆርጣለሁ። የክሩ ጥቅል ቦርሳው ውስጥ ተቀምጦ ጫፉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፣ አውቶቡስ ላይ ስትሠሪ ጥቅሉ የሰው እግር ሥር አይንከባለልም። ሌሎች ቀዳዳውን ገና በሹራቡ ጊዜ ይሠሩታል፣ ከዚያ ሲታጠብ ይደፈናል ብለው ክር ያስሩበታል። ለምን ይደክማሉ?

ገበር ይኑረው ወይስ አይኑረው ለሚለው፣ ለሥራ መያዣ ቢኖረው ይሻላል። ቀጭን መርፌና የኪሮሽ ጫፍ ፌልቱን ቀስ እያሉ ይበሱታል፣ ሱፉም የምትሠሪው ነገር ላይ ፀጉሩን ይለቅቃል። አቡጀዲ ይበቃል። ያረጀ ነጠላ አታድርጊበት፣ ስስ ስለሆነ መርፌ ያሳልፋል። ኪሶቹን ገበሩ ላይ አስቀድመሽ ስፊ፣ አንዱ ጠባብና ረጅም ለመርፌዎች፣ አንዱ ሰፊ ለመቀስና ለሜትር፣ ከዚያ ገበሩን አስገብተሽ ጠርዙን በእጅ ስፊው። መቀመጫው እንዳይንዠረገግ ስስ የፕላስቲክ መክተፊያ በልኩ ቆርጠሽ ከገበሩ ሥር አንጥፊ። ከቦርሳው ሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ቦርሳው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ግን በእሱ ነው። ዚፕ አልመክርሽም፣ ክርሽን ይነክሰዋል። አንድ ትልቅ የእንጨት ቁልፍና የቆዳ ቀለበት ይበቃዋል።

የመርካቶውን ክር ፍቺውና ለሌላ ሥራ አውዪው፣ አይጣልም። ካስኬዱን ስታገኚ መጀመሪያ 30 በ40ውን ሥሪ፣ አጥቢ፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ልክ ጻፊልኝ። ያንቺ እጅ ከእኔ ጠበቅ ወይም ላላ ያለ ሊሆን ስለሚችል 162ቱ ሊለወጥ ይችላል፣ ልኩን ካየሁ በኋላ ከስንት እንደምትጀምሪ እነግርሻለሁ።